ዕቃ ከመቀየር በፊት፦ በድንገት የሚጠፋ ኮምፒዩተር

ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር ዛሬ ብርቅ ነገር አይደለም። ልጆቻችን ለጨዋታ፣ ለቪዲዮ ሥራ፣ ለባግሩት ዝግጅት ወይም ከቤት ለሚሠሩት ሥራ ይገጣጥሙታል። ሱቅ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ይልቅ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ጉልበት ያለው ኮምፒዩተር ይገኛል የሚለው ሐሳባቸውም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ኮምፒዩተሩ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ጭልም ብሎ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ኃላፊነቱን በሙሉ የሚወስድ አንድ ሻጭ የለም። ማዘርቦርዱን የሸጠው ሱቅ “ጥፋቱ የፓወር ሳፕላዩ ነው” ይላል፤ ፓወር ሳፕላዩን የሸጠው ደግሞ “የገጠመው ልጅ ነው ያበላሸው” ይላል። በመካከሉ ቤተሰቡ አንዱን ዕቃ ከሌላው አስከትሎ እየገዛ ገንዘቡን ይጨርሳል።

በዛሬው ትምህርታችን አጥብቀን የምንለው አንድ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ የጠፋበት ሁኔታ ራሱ ምስክር ስለሆነ፣ ምስክሩን ሳንሰማ ዕቃ አንግዛ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ምርመራዎች አብዛኞቹ አንዲት አጎራ አያስወጡም።

“ኮምፒዩተሩ ጠፋ” ስንል ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮችን ማለታችን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሶኬቱ የተነቀለ ያህል በቅጽበት ድርግም ብሎ፣ ማራገቢያዎቹም አብረው ቆመው መጥፋት ነው። ሁለተኛው ጠፍቶ በራሱ ተመልሶ መነሣት ነው። ሦስተኛው ሰማያዊ ገጽ ካሳየ በኋላ መነሣት ነው። አራተኛው ደግሞ ስክሪኑ ብቻ ጨልሞ ማራገቢያዎቹ መዞራቸውን ሲቀጥሉ ነው። ይህ የመጨረሻው እንዲያውም መጥፋት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ፣ በዕብራይስጥ ካርቲስ ማሳኽ ከሚባለው፣ ወይም ከስክሪኑ ገመድ ጋር የተያያዘ ነው። ሰማያዊው ገጽ በአብዛኛው ወደ ሜሞሪ፣ ወደ ዲስክ ወይም ወደ ሶፍትዌር ያመለክታል። በቅጽበት ድርግም ማለት ግን ከሁሉ በፊት ስለ ኤሌክትሪክ እንድናስብ ያስገድደናል።

አምስተኛም አለ፣ ሲያስቅ የሚኖር። ኮምፒዩተሩ “በመዝጋት ላይ” የሚለውን ጽሑፍ አሳይቶ በሥርዓት ከተዘጋ አንድ ነገር አዝዞታል ማለት ነው። ይህም የዊንዶውስ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል፤ አባትየው ራሱ ባለፈው ዓመት የጫነውና የረሳው የወላጅ ቁጥጥር ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር እናውጣ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኮምፒዩተሩ ከተነሣ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ምን ፕሮግራም ተከፍቶ እንደነበር፣ ሲጠፋ እንዴት እንደጠፋ፣ በቤቱ ውስጥ በዚያ ሰዓት ምን ሌላ ነገር ይሠራ እንደነበር እንጻፍ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከተጻፈ በኋላ መልኩ ብቅ ይላል። ሁልጊዜ በጨዋታ መካከል የሚጠፋው፣ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ባለበት የሚጠፋውና ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚጠፋው የተለያየ በሽታ ያላቸው ናቸው። በአንድ ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ፣ ገመዱ ከግድግዳው እስከ ኮምፒዩተሩ በምን በምን በኩል እንደሚያልፍ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት። ከጠረጴዛው ጀርባ የተረሳ የሰንበት ሰዓት መቆጣጠሪያ፣ ሻዖን ሻባት የምንለው፣ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ዊንዶውስ ራሱ የያዘውን መዝገብ እንይ። በዕብራይስጥ ዊንዶውስ ማጺግ ሀኤሩዒም፣ በእንግሊዝኛው ኢቨንት ቪወር ይባላል። በሲስተም ክፍሉ ውስጥ ኮምፒዩተሩ በጠፋበት ሰዓት አካባቢ “ከርነል ፓወር 41” የሚል ቀይ ምልክት ያለበት መስመር ታገኙ ይሆናል። ይህን ቁጥር አይቶ “ፓወር ሳፕላዩ ሞቷል” የሚል ሰው አይጠፋም፤ ቴክኒሻንም ጭምር። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ቁጥር 41 የሚናገረው ኮምፒዩተሩ ከዚያ በፊት በሥርዓት ሳይዘጋ መቅረቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን አይናገርም። ሶኬቱን በእጃችሁ ብትነቅሉትም ይኸው ቁጥር ይጻፋል። ጠቃሚው ነገር ከውስጥ በዝርዝሩ ያለው ነው። የበግቼክ ኮዱ 0 ከሆነ ሰማያዊ ገጽ አልተመዘገበም፤ ሌላ ቁጥር ካለበት ግን ያንን ቁጥር ቅዱና ያዙት፣ ፍለጋውን ወደ ሜሞሪና ወደ ሶፍትዌር ያዞረዋል። ቁጥር 1074 ካገኛችሁ ደግሞ ያዘዘው ፕሮግራም ስሙ እዚያው ተጽፏል፤ ምርመራው አበቃ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። ኮምፒዩተሩ በማራዘሚያ ገመድ ላይ፣ ማራዘሚያው ደግሞ በሌላ ማራዘሚያ ላይ፣ በዚያው ላይ የክረምት ማሞቂያ ተሰክቶ የምናይበት ቤት ብዙ ነው። ለጥቂት ቀናት ኮምፒዩተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት፣ ከተቻለም በሌላ ክፍል፣ ሰክታችሁ ሞክሩት። ማዝጋኑ በተነሣ ቁጥር መብራቱ ብልጭ ካለና ኮምፒዩተሩም አብሮ ከጠፋ ችግሩ ከቤቱ መስመር ሊሆን ይችላል። የቤቱ ፓሓት፣ ማለትም ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀው ማቋረጫ፣ ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር የሚወድቅ ከሆነ ግን ሙከራውን አቁሙ። ይህ የኤሌክትሪክ መፍሰስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐሽማላይ ሙስማኽ፣ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ሳያየው ዳግም አይሰካ።

ስለ ሙቀት ሁሉም ሰው ያወራል፤ እኛ ግን ሙቀት ከሚገባው በላይ ይወቀሳል ባዮች ነን። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ሲግሉ ወዲያው አይጠፉም። የብዙዎቹ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣራ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የብዙዎቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ዝርያዎች ደግሞ 95 ዲግሪ ነው። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የሚያጠፉት ከዚያም አልፎ ሲሄድ ብቻ ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ከመጥፋቱ በፊት ካልተንቀራፈፈና ማራገቢያው ካልጮኸ ሙቀቱ ተጠርጣሪነቱ ይቀንሳል። ለማረጋገጥ ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ ቁጥሮቹን እያያችሁ ሥሩበት። ያለ ሥራ ከ35 እስከ 50፣ በከባድ ሥራ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ከሆነ የሚያስጨንቅ አይደለም። በሐምሌና በነሐሴ፣ በቤር ሼቫ ወይም በቤት ሽአን፣ ክፍሉ 10 ዲግሪ ከሞቀ የኮምፒዩተሩም ውስጥ በዚያው ልክ ገደማ ይሞቃል፤ ስለዚህ በክረምት የተሞከረ ኮምፒዩተር በበጋ ሊለወጥ ይችላል። ከሐምሲን በኋላ አቧራ ማራገፍም አይርሱ።

ቤት ውስጥ በተገጣጠመ ኮምፒዩተር ሙቀቱ ገና በተነሣ በአንድና በሁለት ደቂቃ ወደ 100 ከዘለለ ግን አንድ ነገር መጠርጠር አለበት፦ ከማቀዝቀዣው ሥር የሚለጠፈው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ ቀርቷል። እንደ ቀልድ ይመስላል እንጂ በጣም የታወቀ ነው። የማቀዝቀዣው ዊንጮች እኩል አለመጥበቃቸው፣ የሙቀት ቅባቱ አለመቀባቱ፣ የማራገቢያው ገመድ በማዘርቦርዱ ላይ ለፕሮሰሰር በተመደበው ቦታ አለመሰካቱም እንዲሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ በዕብራይስጥ ሳፓክ ኮኣሕ ወደሚባለው ወደ ፓወር ሳፕላይ። ነገሩን በአንድ ምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወጣት በበጋ ሥራ ባገኘው ደመወዝ ኮምፒዩተር ገጣጠመ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 12700ኬ፣ የግራፊክስ ካርዱ ሁለተኛ እጅ የተገዛ አርቲኤክስ 3080፣ ፓወር ሳፕላዩ 650 ዋት ነው። ለትምህርት ሲጠቀምበት ምንም አይሆንም፤ ከባድ ጨዋታ ሲከፍት ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላ ድርግም ይላል። አባትየው “ጨዋታው ነው ያቃጠለው” ብሎ ተቆጣ። የወሰዱበት ሱቅ ደግሞ ማዘርቦርዱ ይቀየር አለ።

ለወላጆች አንድ ነገር እንበል። ጨዋታ ጤነኛ ኮምፒዩተርን አያቃጥልም። የሚያደርገው የተደበቀውን ድካም ማውጣት ነው፤ ሜዳ ላይ ደህና የሚሄድ መኪና ዳገት ላይ እንደሚያቃስተው ማለት ነው።

ስሌቱን እንመልከት። ያ ፕሮሰሰር በከፍተኛ ሥራ እስከ 190 ዋት፣ ካርዱ 320 ዋት ይወስዳል። ለቀረው ዕቃ 70 ዋት ብንጨምር 580 ገደማ ይሆናል፤ 650 ዋት ይበቃል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ካርዶች በሺህኛ ሰከንዶች ለሚቆጠር ጊዜ ከተጻፈላቸው ልክ እጅግ በላይ ይስባሉ። ያን ቅጽበታዊ ጫና ፓወር ሳፕላዩ እንደ አደጋ ቆጥሮ ራሱን ይዘጋል። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 750 ዋት የሚመክረው ስለዚህ ነው። ወጣቱ በደብተሩ የጻፈው አንድ መስመር ደግሞ ነገሩን አጠናከረው፦ ከጠፋ በኋላ የማስነሻው ቁልፍ ቢጫን ምንም አይመልስም፤ ከኋላ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ተዘግቶ ጥቂት ቆይቶ ሲከፈት ግን ይነሣል። ይህ የፓወር ሳፕላይ መከላከያ መዝጋቱን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለ ወጪ ሊደረግ የሚችል ሙከራ አለ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን የኤሌክትሪክ ጣራ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ማድረግ ነው። ጨዋታው ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ኮምፒዩተሩ ግን መጥፋቱን ካቆመ የማዘርቦርዱ ክስ ይላላል። በወጣቱ ኮምፒዩተር የሆነው ይኸው ነው። ሳጥኑ ሲከፈትም ሌላ ነገር ተገኘ፦ ካርዱ ያሉት ሁለት ባለ 8 ፒን ቀዳዳዎች ጫፉ ሁለት ከሆነ ከአንድ ገመድ ነበር የሚመገቡት። አንድ ባለ 8 ፒን ማገናኛ የተመደበለት 150 ዋት ስለሆነ፣ ብዙ ለሚስብ ካርድ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ከፓወር ሳፕላዩ መምጣት አለባቸው። ሁለተኛው ገመድ በሳጥኑ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። እሱ ሲሰካ መጥፋቱ በጣም ቀነሰ፣ ግን በአንድ ከባድ ጨዋታ ላይ ቀረ። እንግዲህ መገዛት ያለበት ዕቃ ታወቀ፦ ጠንከር ያለ ፓወር ሳፕላይ፤ ማዘርቦርድ አይደለም። እስኪገዛም ድረስ ወጣቱ በ70 በመቶ ተጫወተ።

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ፓወር ሳፕላይ ስትቀይሩ የድሮውን ገመዶች ለአዲሱ አትጠቀሙ፤ ቀዳዳው ልክ ቢሆንም እንኳ። በፓወር ሳፕላዩ በኩል ያለው የገመዶች አሰላለፍ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም በአንድ አምራች ውስጥ ይለያያል፤ በዚህም ምክንያት ዲስኮችና ማዘርቦርዶች ተቃጥለዋል። ሁለተኛ፣ የፓወር ሳፕላዩን ቆርቆሮ ራሱን በፍጹም አትክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። የኮምፒዩተሩን ሳጥን ስትከፍቱ ግን ገመዱን ነቅላችሁ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ፣ የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ነክታችሁ ጀምሩ።

ጫናውን ለይቶ መፈተንም ይቻላል። ሲኔቤንች ፕሮሰሰሩን ብቻ፣ ፈርማርክ ካርዱን ብቻ ያደክማል። በመጀመሪያው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ማቀዝቀዣውንና በማዘርቦርዱ ጥግ ያለውን ባለ 8 ፒን የፕሮሰሰር ገመድ፣ በሁለተኛው ብቻ ከሆነ የካርዱን ገመዶች እዩ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የፓወር ሳፕላዩ አቅም ነው የሚጠረጠረው። ከኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ ብላችሁ ቁጥሮቹን እያያችሁ አድርጉት፤ ከፍታችሁ ወደ ኩሽና አትሂዱ።

ያለ ሥራ ቁጭ ባለበት ወይም ገና ሲነሣ የሚጠፋው ሌላ ታሪክ ነው። በተነሣ በአራት ሰከንድ ገደማ የሚጠፋ ከሆነ የሳጥኑ ማስነሻ ቁልፍ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉን አራት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ የማጥፊያ ትእዛዝ ነውና። ከተነሣ በኋላ የቁልፉን ትንሽ ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅላችሁ ብትተዉትና ባይጠፋ፣ የተበላሸው ርካሹ ነገር ነው። በማዘርቦርዱ ሥር ያሉት የነሐስ መደገፊያዎችም ይታዩ። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ ትርፍ መደገፊያ ከቀረ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ኤሌክትሪኩን ያገናኘዋል፤ የወደቀ ዊንጭም እንዲሁ።

ሰማያዊ ገጽ ወይም ድንገተኛ መነሣት ካለ ሜሞሪውን፣ ዚካሮን የምንለውን ራም፣ ፈትኑ። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን የፍጥነት ማሳደጊያ አጥፍታችሁ ጥቂት ቀን ተጠቀሙበት። ከዚያ ሜምቴስት86 በሌሊት ይሥራ፤ ስሕተት ካገኘ አንድ አንዱን ዘንግ ለየብቻ ፈትኑ። የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያላችሁ ደግሞ ባዮሱን አድሱ። ኢንቴል በ2024 በእነዚህ ላይ የቮልቴጅ ችግር መኖሩን አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል፣ ችግሩ ለሚነካቸው በካርቶን ለተሸጡ ፕሮሰሰሮችም ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሞ 5 ዓመት አድርጎታል።

ይህ ወደ መብታችን ያመጣናል። ቤት ለተገጣጠመ ኮምፒዩተር እንደ አንድ ዕቃ የተሰጠ ዋስትና የለም፤ አሐራዩት ያለው እያንዳንዱ ክፍል ለየራሱ ነው። በ2006 የወጣው የዋስትናና የአገልግሎት ደንብ ለአብዛኛው የኤሌክትሪክ ዕቃ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና ያዛል፤ አምራቾች ግን ከዚያ በላይ ይሰጣሉ። በካርቶኑ የተሸጠ የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር በተለምዶ 3 ዓመት ነው፤ ጥሩ ፓወር ሳፕላይ 5፣ 7፣ እስከ 10 ዓመትም አለው። ስለዚህ ሦስት ዓመት የሞላው ፓወር ሳፕላይ ከመጣላችን በፊት የዋስትና ወረቀቱን እንፈልግ። ያልተፈቀደለት ሰው የጠገነው ዕቃ ዋስትናውን ሊያጣ ስለሚችል፣ የጎረቤት ልጅ በብየዳ እንዲነካው አትፍቀዱ።

በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛ ዕቃ እጃችን በገባ በ14 ቀን ውስጥ ግዢውን መሰረዝ በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይፈቅዳል። የስረዛ ክፍያው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው፤ ዕቃው ጉድለት ስላለበት ከተሰረዘ ግን ምንም አይከፈልም። ዕድሜያቸው 65 ለሞላ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና የዖሌ የምስክር ወረቀት ካገኙ 5 ዓመት ላልሞላቸው፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ ከሆነ፣ በመልእክት የተደረገም ቢሆን፣ ጊዜው 4 ወር ነው። ይህን ብዙ ሻጮች ራሳቸው አይነግሩም። በገዢው ትእዛዝ ለእሱ ብቻ ተለይቶ የተሠራ ዕቃ ከስረዛ መብት ውጭ መሆኑን ግን አስተውሉ፤ ሱቁ ገጣጥሞ የሸጠላችሁ ኮምፒዩተር ላይ ይህን ሊያነሣ ይችላል። የዋስትና መብት ግን በዚህ አይነካም።

ሥራ ለሚፈልጉ ወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ለትሚኻ ቴክኒት፣ ለቴክኒክ ድጋፍ ሥራ፣ በሚደረግ ቃለ መጠይቅ “ደንበኛው ኮምፒዩተሬ ይጠፋል ብሎ ደወለ፤ መጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ?” የሚል ጥያቄ ቢመጣ “ፓወር ሳፕላዩን እቀይራለሁ” የሚለው መልስ ደካማ ነው። እንዴት እንደጠፋ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተቀየረ የሚጠይቅና አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ ውጤቱን የሚጽፍ ሰው ነው የሚፈለገው። በገዛ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይህን ያደረገ ልጅ ደብተሩን ይዞ ቢሄድ አያፍርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ሱቅ መሄድ ግድ ከሆነ፣ ደብተሩን፣ የእያንዳንዱን ክፍል ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። የምርመራው ዋጋ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገራችሁ፤ ማንኛውም ክፍል ከመቀየሩ በፊት ሀጻዓት መሒር፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስላችሁም ከመጀመሪያው ተናገሩ። በስምምነት ካላለቀ ለእስራኤል የሸማቾች ምክር ቤት ማመልከት፣ ከዚያም አልፎ በአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ፍርድ ቤት፣ ለትቢዖት ክታኖት፣ ክስ ማቅረብ ይቻላል። እዚያ ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ጠበቃ ስለማይቆም፣ የምታቀርቡት ማስረጃ እነዚያው ደረሰኞችና በየቀኑ የተጻፈው ደብተር ናቸው።